«ለሁሉም አዳርሱልኝ» ከማለታችን በፊት

«እባካችሁ ይህን ለሁሉም አዳርሱ። እህታችን ከአሠሪዎቿ ቤት ከወጣች ሦስት ቀኗ ነው፤ ስልኳ አይሠራም።» እንዲህ ያለ መልእክት በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ያልደረሳት እህት የለችም ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ቀን የለበትም፤ መጀመሪያ ማን እንደላከውም አይታወቅም። ልጅቷ ተገኝታ ቢሆንም የሚነግረን የለም። አንጀታችን አይችልምና ግን መልሰን እንልከዋለን።

መሐል ላይ ጥያቄ የሚቀበል ቢሮ ሳይኖር፣ ጥያቄ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ መልሱን የሚያውቀው ሰው ጋ እንዴት ይደርሳል? የኮምፒውተር ባለሙያዎችም በዚሁ ጥያቄ ብዙ ደክመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ናፕስተር የተባለ የዘፈን መለዋወጫ ተጀመረ። ዘፈኖቹ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ነበሩ፤ የትኛው ማን ጋ እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ ግን ድርጅቱ ዘንድ ነበር። በ2001 በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ያ መዝገብ ሲዘጋ ሁሉም ቆመ። በ2000 የወጣው ኑቴላ ግን ማእከል አልነበረውም። ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ እነሱም ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቃሉ።

ባለሙያዎች የዚህን ውጤት ለማየት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሺህ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን ፈጥረው፣ ጥያቄ ልከው፣ መልእክቱን ይቆጥራሉ። እኛም በወረቀት እንሞክረው። ለ4 ሰዎች ላክሽ እንበል። እያንዳንዳቸው ለሌሎች 3 ሰዎች ላኩ፤ እነዚያም እንዲሁ። በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 36 ይሆናል። በሰባተኛው ዙር ድምሩ 4,372 መልእክት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ለአንድ ጥያቄ ነው።

ኑቴላ ለዚህ ሁለት ልጓም ነበረው። ጥያቄው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቁጥር ይጻፍበትና በየቅብብሉ አንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ይቆማል። መለያም ስለነበረው፣ አንዴ ያየው ኮምፒውተር ደግሞ አያስተላልፈውም። እንዲያም ሆኖ ተጠቃሚው ሲበዛ መስመሩ ተጨናነቀ። በ2002 ተመራማሪዎች በምናባዊ ኔትወርክ ሌላ ዘዴ ፈተሹ፤ ጥያቄውን ለሁሉም ከመበተን ይልቅ ጥቂት ተላላኪዎች ይይዙታል፤ እያንዳንዱም በአንድ ጊዜ ለአንድ ጎረቤት ብቻ ያቀብላል፤ በየመሐሉም ጠያቂውን «ተገኘ ወይ?» ይላል። ተገኘ ከተባለ ይቆማል። መልሱ ትንሽ ቢዘገይም የመልእክቱ ብዛት እጅግ ቀነሰ።

ከኮምፒውተሮቹም በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ አሜሪካዊው ስታንሊ ሚልግራም ደብዳቤን በሰዎች እጅ ሞክሮ ነበር። ሰዎቹ ቦስተን አካባቢ ለሚኖር ለማያውቁት ሰው ደብዳቤ እንዲያደርሱ ተጠየቁ፤ መላክ የሚችሉት ግን ወደ እሱ ይቀርባል ብለው ለሚገምቱት አንድ የቅርብ ሰው ብቻ ነው። በአንዱ ሙከራ ከ296 ደብዳቤዎች 64ቱ ደረሱ፤ በአማካይ በ5 ሰዎች እጅ አልፈው። የቀሩት የጠፉት በእጁ የያዛቸው ሰው ሳያስተላልፍ ስለተዋቸው ነው።

ዋትስአፕም በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቦታ በላይ ማስተላለፍን ከልክሏል፤ በ2020 ደግሞ ደጋግሞ የተዛወረውን ወደ 1 አውርዶታል። የቀረውን ልጓም የምናበጀው እኛ ነን።

ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ ለፖሊስና ለኤምባሲ ወይም ለቆንስላ አሳውቁ። ቀጥሎ ወደ ልጅቷ የሚቀርበውን ሰው አስቡ፤ የአገሯን ልጅ፣ አብራት የመጣችውን፣ እዚያው ሕንፃ ላይ የምትሠራውን። መልእክቱ ላይ ቀኑንና መልስ የሚቀበል አንድ ሰው ስልክ ጻፉ። ስትገኝ «ተገኝታለች፣ አቁሙ» የሚለውን በመጣበት መንገድ መልሱት።

የፓስፖርትና የኢቃማ ፎቶ፣ ያለችበትንም ቦታ አትላኩ። ከአራት ሺህ ስልኮች አንዱ የሸሸችው ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል።