የኦፊስ ፕሮግራሞች የተኳሃኝነት ፍተሻ

የኦፊስ ፕሮግራሞች የተኳሃኝነት ፍተሻ በአንድ የጽሕፈት ወይም የሠንጠረዥ ፕሮግራም ዕትም የተዘጋጀ ፋይል በሌላ ዕትም ሲከፈት ይዘቱ፣ ስሌቱና መልኩ እንዳልተዛባ የማረጋገጥ ሥራ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚሠሩ ማክሮዎችም በየዕትሙ ይሞከራሉ። ፋይሉ መከፈቱን ማየት ብቻ በቂ አይደለም፤ ከባድ ጉዳት የሚያደርሱት ብዙውን ጊዜ የስሕተት መልእክት ሳይታይ የሚያልፉ ልዩነቶች ናቸው።

የልዩነቱ መነሻ

ማይክሮሶፍት ኦፊስ እስከ 2003 ዕትም ድረስ ሰነዶችን በዋናነት የሚያስቀምጠው በባይነሪ ቅርጸት ነበር። የ2007 ዕትም በኤክስኤምኤል ላይ የተመሠረተ አዲስ ቅርጸት አመጣ። በአሮጌው የኤክሴል ቅርጸት አንድ የሥራ ገጽ የሚይዘው 65,536 ረድፍና 256 ዓምድ ብቻ ሲሆን፣ አዲሱ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ይይዛል። ስለዚህ ፋይል ከአዲሱ ወደ አሮጌው ቅርጸት ሲለወጥ ከወሰኑ በላይ ያለው መረጃ ይቀራል።

የእንግሊዝ ምሳሌ

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020፣ በእንግሊዝ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ሳይካተቱ ቀሩ። ከቤተ ሙከራ የመጣው መረጃ ወደ አሮጌው የኤክሴል ቅርጸት ሲገባ ረድፎቹ ሞልተው የተረፈው ስላልገባ ነበር። በዚህም ምክንያት ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማፈላለጉ ሥራ ዘገየ።

የሚፈተሹ ነገሮች

• ቀመሮች፦ ኤክስሉክአፕ የተባለው ተግባር በኤክሴል 2019 እና ከዚያ በፊት በነበሩ ዕትሞች የለም። ፋይሉ ሲከፈት ቀድሞ የተሰላው ውጤት ይታያል፤ ስሌቱ እንደገና ሲካሄድ ግን በቦታው ስሕተት ይመጣል።

• ቀኖች፦ ኤክሴል ቀንን በቁጥር ያስቀምጣል። አንዱ አቆጣጠር ከ1900፣ በቀድሞ የማኪንቶሽ ዕትሞች የተለመደው ደግሞ ከ1904 ይነሣል። አቆጣጠራቸው ከተለያየ ፋይሎች አንዱ ወደ ሌላው ቀን ሲቀዳ የ1,462 ቀን ልዩነት ሊፈጠር ይችላል።

• ማክሮዎች፦ ኦፊስ 2010 የመጀመሪያውን የ64 ቢት ዕትም ይዞ መጣ። የዊንዶውስን ተግባራት በቀጥታ የሚጠራ የ32 ቢት ማክሮ በዚህ ዕትም ሳይስተካከል አይሠራም።

• ፊደላት፦ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት የአማርኛ ሰነዶች የላቲን ፊደላትን ቦታ በሚይዙ ፎንቶች ይጻፉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበቡ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይታያሉ።

የፍተሻው አካሄድ

በመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ የሚሠሩባቸው የኦፊስ ዕትሞችና ስርዓተ ክወናዎች ይዘረዘራሉ። ቀጥሎ ትልቁ ሠንጠረዥና ውስብስቡ ቀመር የሚገኙባቸው እውነተኛ ፋይሎች ለናሙና ይመረጣሉ፤ ሙከራው የሚደረገውም በቅጂያቸው ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በየዕትሙ ተከፍቶ ስሌቱ እንደገና ከተካሄደ በኋላ የረድፎቹ ብዛት፣ ድምሮቹና የገጾቹ ቁጥር ከዋናው ጋር ይነጻጸራሉ። በመጨረሻ በአሮጌው ዕትም የተቀመጠው ፋይል በአዲሱ ተመልሶ ይከፈታል፤ አንዳንድ ጉድለት የሚገለጠው በዚህ የደርሶ መልስ ሙከራ ነውና።

ከ2007 ጀምሮ በኤክሴል ውስጥ ያለው የተኳሃኝነት መመርመሪያ በአሮጌው ቅርጸት የሚጠፉ ነገሮችን ይጠቁማል። ሆኖም ድምሩ ትክክል መሆኑን አያውቅም፤ ይህን የሚያረጋግጠው ትክክለኛውን ውጤት አስቀድሞ የያዘ ፈታሽ ነው።