የዕጣኑ ዛፍና ባለ ምንጋፉ

ካህኑ ጽናውን ይዞ ቤተ መቅደሱን ዞሮ ሲያጥን፥ ወይም እመቤቲቱ ቡናዋን አፍልታ ፍም ባለበት ገል ላይ ጥቂት ፍሬ ዕጣን ጣል ስታደርግ፥ ጢሱን ከምናሸት ሰዎች መካከል ይህ መዓዛ ከየትኛው ቈላ፥ በማን እጅ፥ በምንስ ድካም እንደ መጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ራሴ በልጅነቴ ዕጣን ከነጋዴ ጆንያ በቀር ሌላ መገኛ ያለው አይመስለኝም ነበር። ሰብአ ሰገል ከወርቅና ከከርቤ ጋራ ያቀረቡት፥ በግእዙ ወንጌል ስኂን ተብሎ የተጻፈው ይህ ነገር፥ ማንም ያልተከለው የበረሃ ዛፍ ሙጫ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዕጣን የሚባለው ሁሉ ከአንድ ዓይነት ዛፍ አይገኝም፤ ኦጋዴንም ቦረናም የየራሳቸው ዕጣን አላቸው። እኔ የማወራው ግን ስለ ነጩ ዕጣን ነው፤ ይኸውም በመተማና በቋራ፥ በትግራይ ቈላዎች፥ በተከዜና በዓባይ ሸለቆዎች፥ እስከ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ድረስ ከሚበቅለው ዛፍ የሚለቀመው ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ዛፍ ቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ ብለው ሰይመውታል፤ ሁለተኛው ስሙ «ወረቀት ተሸካሚ» ማለት ሲሆን፥ የግንዱ ልጥ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ስለሚንጠለጠል የተሰጠው ነው። ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ማረሻ በማይገባበት ጭንጫና ገደላማ ስፍራ ላይ ይበቅላል፤ በጋ ሲገባ ቅጠሉን ፈጽሞ ያራግፍና፥ አበባውን ግን በዚያው ዕርቃኑን በቆመበት ወራት ያወጣል።

የለቀማው ሥራ የሚዠመረው መስከረም ጠብቶ ዝናሙ ካባራ በኋላ ነው፤ ዝናም የመታው ዕጣን ይበላሻልና። በዚህ ጊዜ፥ ብዙዎቹ ከትግራይና ከጎንደር ደጋ የሆኑ ጐልማሶች፥ ዱቄትና በርበሬያቸውን ተሸክመው ወደ ጫካው ይወርዱና በዳስ ይሰፍራሉ፤ ውሃው ሩቅ፥ ወባው ቅርብ፥ እባብና ጊንጡም ጎረቤታቸው ነው። በእጃቸው የሚይዙት መሣሪያ ምንጋፍ ይባላል፤ ትንሽ የእጅ መፋቂያ ስለ ሆነ የሚፈለገው ስለቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። ሠራተኛው ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ዛፍ ይመርጥና፥ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ካለው ቦታ ዠምሮ፥ ብዙ ጊዜ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል በሦስት በሦስት ስፍራ፥ ከልጡ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ገጽ ይፍቃል። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቁስል ጥቂት አስፍቶ ሲያድሰው ግን ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ በበረሃው ሙቀትም ረግቶ ይደርቃል። ሠራተኛውም በሚቀጥለው ዙር የደረቀውን ለቅሞ ቁስሉን ደግሞ ያድሳል፤ እንዲህ እያለ ግንቦት ደርሶ ሰማዩ እስኪጠቁር ድረስ 8 ጊዜም 12 ጊዜም ይመላለሳል።

የሙያው ምስጢር ያለው በጥልቀቱ ልክ ላይ ነው። ዕጣኑ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚገኙት በልጡ ውስጠኛ ክፍል ስለ ሆነ፥ እጁ የፈራ ሠራተኛ አይደርስባቸውም፥ እጁ የከበደውም አልፎ እንጨቱን ያቆስለዋል፤ ያን ጊዜ ጥንዚዛ ይገባበትና ዛፉን ከውስጥ ይበላዋል። ነገር ግን በልኩ የተፋቀውም ዛፍ ቢሆን ያለ ዋጋ አይሰጥም። ቅጠል የሌለው ዛፍ ምግቡን ከፀሐይ ማዘጋጀት ስለማይችል፥ በበጋ የሚያፈስሰውን ሁሉ በክረምት ካጠራቀመው ስንቅ ነው የሚከፍለው፤ ነገሩም አንድ ገበሬ ለእንግዳ ሲያበላ ቆይቶ በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን እንደ ማውጣት ያለ ነው። ይህንም ያልሁት ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም፤ በኤርትራ የተደረገ ምርመራ ካልተፋቁ ዛፎች ከተሰበሰበው ዘር ከ100 እጅ ከ80 የሚበልጠው ሲበቅል፥ እየተፋቁ ከከረሙት ግን 16 እጅ እንኳ አለመብቀሉን አሳይቷል።

ለቃሚው ደመወዙን የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ በለቀመው ኪሎ ልክ ነው። አንድ ዛፍ በዓመት የሚሰጠው ደግሞ በአመዛኙ ጥቂት መቶ ግራም ብቻ ስለ ሆነ፥ አንድ ጆንያ ለመሙላት ስንት ዛፍ መዞር እንዳለበት አንባቢው ራሱ ይቍጠረው። ጆንያው ከጫካ ወጥቶ መጋዘን ሲደርስ ሥራው ወደ ሴቶች እጅ ያልፋል። እነርሱ ወለል ላይ ተቀምጠው በወንፊት እያበጠሩ፥ ልጡንና ጠጠሩን በጣታቸው እየለቀሙ፥ ዕጣኑን በፍሬው ትልቅነትና በንጣቱ ይለያሉ፤ ትልቁና ነጩ 1ኛ ደረጃ ሲባል፥ ፍርፋሪውና ዱቄቱ ወደ 5ኛ ይወርዳል። ከፍ ያለው ደረጃ ወደ ቻይናና ወደ ዓረብ አገሮች ይጫናል፤ ለአገር ቤት ጽናና ገል የሚተርፈው በአመዛኙ ዝቅ ያለው ነው፤ ይህ ያሳፍር እንደ ሆነ ወይም ንግድ ብቻ እንደ ሆነ እኔ አልፈርድም።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጫካው የመንግሥት ሆኖ፥ ለድርጅትም ለማኅበርም ለተወሰኑ ዓመታት እየተኰናተረ ይሰጣል፤ ዓመቱ አጭር የሆነበት ሰው፥ በኪሎም የሚከፈለው ለቃሚ፥ ነገ ስለሚበቅለው ቡቃያ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ቡቃያው በክረምት ይወጣል፤ በበጋ ከላዩ ደርቆ በሥሩ ብቻ ይቆያል፤ እንዲህ ዓመት ከዓመት ሲሞትና ሲነሣ ከብቱ ይግጠዋል፥ ሰደድ እሳቱም ያቃጥለዋል። በመተማ ሜዳ ላይ ደግሞ ሰሊጥ የሚዘራው ሰው ዛፉን ጨርሶ ይመነጥረዋል። በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ሰፊ ጥናት፥ ከተመረመሩት ጫካዎች በ75 እጁ ውስጥ አንድ ለጋ ዛፍ እንኳ አለመገኘቱን፥ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስታውቋል። እንግዲህ ዛሬ የምናጥነው ከሽማግሌ ዛፎች ነው፤ ልጆች የሏቸውም።

የዱሩን ዛፍ ወደ ተክል ማምጣት አዲስ አሳብ አይደለም። የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት 15 መቶ ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት አገር መርከቦች ልካ፥ የመዓዛ ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት አስጭና አስመጥታለች፤ ሥዕሉም በዴር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ዛሬም ይታያል። በእኛም ዘመን በትግራይ ከዛፉ ላይ ወፍራም ቅርንጫፍ ቈርጦ ቢተክሉት ሥር እንደሚይዝ በሙከራ ታይቷል። ችግኙ ግን ለዕጣን እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈልጋልና፥ እስከዚያው ድረስ ያሉትን ማሳረፍ ግድ ነው። ስለዚህ ለዛፉ የዕረፍት ዓመት፥ ለቡቃያውም ከብትና እሳት የማይደርስበት ክልል በውሉ ላይ ሳይጻፍ፥ ማንም ባለሥልጣን የዕጣን ጫካ ለማንም ባያኰናትር መልካም ነው እላለሁ።