ያውቁ ኖሯል? ወንበር የሚሻማው ኪኒን

ከ4 የጡት ካንሰሮች 3ቱ ገደማ ለኢስትሮጅን ወንበር ዘርግተው የሚጠብቁ ናቸው። ወንበሩ ኒውክለስ ውስጥ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው፤ ሆርሞኑ ሲቀመጥበት ሴሉ ይራባል። ታሞክሲፌን የተባለው ኪኒን የሚሠራው ይህንኑ ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው።

ይህ ኪኒን መጀመሪያ የታሰበው ለወሊድ መከላከያ ነበር! እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶራ ሪቻርድሰን በ1960ዎቹ ቀመመችው፤ ሴቶች ላይ ሲሞከር ጭራሽ እንቁላል እንዲለቀቅ አደረገ። በ1971 ማንችስተር ውስጥ ለጡት ካንሰር የተሞከረው ውጤት ታተመ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የግላስጎው ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን በ1896 የአንዲት ታማሚን ኦቫሪ አውጥቶ ዕጢዋ መሟሸሹን ሲጽፍ፣ ኢስትሮጅን ገና ስም አልወጣለትም። ሌሎች ሲሞክሩት ግን ከ3 ሴቶች አንዷን ያህል ብቻ ጠቀመ። ለምን? መልሱ የመጣው ከ60 ዓመት በኋላ፣ ቺካጎ ላይ ኤልዉድ ጄንሰን ወንበሩን ሲያገኘው ነው።

ወንበሩ መኖሩ በቀለም ሲመረመር፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ተቀባይ ያለው ኒውክለስ የቡና ቀለም ይይዛል፤ የሌለው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ከመቶ የካንሰር ሴል አንዱ እንኳ ቡናማ ከሆነ የውጤት ወረቀቱ ላይ "ፖዘቲቭ" ይጻፋል። ከ1 እስከ 10 ከሆነ ግን "ዝቅተኛ" የሚል ይታከልበታል፤ ኪኒኑ ለእነዚህ ስለመጥቀሙ ያለው ማስረጃ ስስ ነው።

የዕጢው ናሙና በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ፣ ወይም ቢያንስ 6 ሰዓት ካልቆየበት፣ ፕሮቲኑ እያለ የለም ሊባል ይችላል። ናሙናውን ይዞ የላቦራቶሪውን ደረጃ የሚወጣውን ተላላኪ አቅልለው አይዩት።

5 ዓመት የተዋጠ ታሞክሲፌን ተቀባይ ባላቸው ሴቶች ላይ በጡት ካንሰር መሞትን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ተቀባይ በሌላቸው ላይ? ምንም።



ወንዶችንም የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ከ10 የወንድ ጡት ካንሰሮች 9ኙ ያህል ወንበሩ አላቸው።

ታሞክሲፌን ሲዋጥ ደካማ ነው። ብርቱውን ኢንዶክሲፌን የሚያወጣለት ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። ለድብርት የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ያግደዋል፤ ሐኪሞችም ሁለቱን አብሮ ከማዘዝ ይቆጠባሉ።