የቴሌ ደመወዝና የቤት ሐቅ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተማሪዎቻችን መካከል ቴሌ መቀጠርን የሚመኙ ብዙ ናቸው። እኛ መምህራንም ሲያማክሩን ሁለቱንም ወገን እንነግራቸዋለን።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሐላል ሪዝቅ፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ፣ ጡረታና ሙያ። ሱሉልታም ለሥራው ባዳ አይደለችም፤ የሳተላይቱ የምድር ጣቢያ የተተከለው እዚያ ነውና።

ጉዳቱስ? ኔትወርክ አይተኛም፤ የሌሊት ተረኛ ይፈልጋል። ትልቅነትም ዋስትና አይሆንም፤ በ2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም ብዙ ነባር ሠራተኞች ተሰናብተዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስለዚህ ልጃችን ውል ከመፈረሙ በፊት ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ፈረቃውንም ይጠይቅ። ቀለብ መቁረጥ የአባትን ቦታ አይሞላምና! አላህ በረካ ያለበትን ሪዝቅ ይስጠን።