የሩሲያ ክላሲካል በሚኒባስ ሬዲዮ

ከዘነበወርቅ በሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ይጣራል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ሬዲዮውም በበኩሉ ያወራል። ለዚህ ተሳፋሪ ጆሮ የሩሲያ ክላሲካል ሙዚቃ ላሰማ የሚል የሬዲዮ አዘጋጅ ከአቀናባሪዎቹ ታሪክ አስቀድሞ የአድማጩን ውሎ ማወቅ አለበት። ቻይኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1893 ባሰማው ስድስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ "በለሆሳስ" ማለት የሆነውን የ"ፒ" ምልክት ስድስት ጊዜ ደርድሮ የጻፈበት ቦታ አለ። ዜማው ከሹክሹክታ በታች ወርዶ ሊጠፋ ሲል መላው ኦርኬስትራ በአንዴ ይፈነዳል። ታክሲ ውስጥ ሹክሹክታው አይሰማም፤ የጣቢያው ድምፅ ማመጣጠኛ ደግሞ ዝቅ ያለውን አንስቶ ከፍ ያለውን ስለሚጫነው ፍንዳታውም ይሟሽሻል። እንዲህ ያለውን ሥራ ቤቱ ጸጥ ለሚልበት ሌሊት ማቆየት ይሻላል።

ለቀን የሚሆነው፣ አድማጩ አንድ ነገር ይዞ የሚከተለው ሙዚቃ ነው፤ ያንን የሚያስይዘው ደግሞ አዘጋጁ ነው። ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፒያኖ የጻፈውን "የኤግዚቢሽን ሥዕሎች" ፈረንሳዊው አቀናባሪ ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጀው መክፈቻውን ለአንድ ትራምፔት ሰጠው። ምቱ አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት ነው። "ቁጠሩ" ብሎ ማይኩን መዝጋት ይበቃል። ሙዚቃ ማብራሪያ አይፈልግም የሚሉ አሉ። ለለመደው ጆሮ እውነት ነው፤ በችክችካ ምት ላደገ ጆሮ ግን ያቺ አንዲት ቃል በር ትከፍታለች። የሚጎዳው ሙዚቃው እየሄደ በላዩ ላይ ማውራት ነው።

"የሰው አገር ሙዚቃ ምን ያደርግልናል?" ለሚለውም መልስ አለ። በዓድዋ ድል ሰሞን የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአጤ ምኒልክ 40 የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ልኮላቸው ነበር፤ የማርሽ ባንዳችን ታሪክ ከዚያ ስጦታ ይነሳል። ከዘነበወርቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳር ቤት አጠገብ፣ በሩሲያዊው ባለቅኔ በፑሽኪን ስም የተጠራ አደባባይ አለ። የባለቅኔው ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል ኢትዮጵያዊ ነው የሚለው እምነት እኛ ዘንድ ጽኑ ነው፤ ትውልዱን ወደ ቻድ ሐይቅ አካባቢ የሚወስዱ ተመራማሪዎችም ስላሉ አዘጋጁ ሁለቱንም መናገር አለበት። ዝምድናው በየትኛውም ቢዞር ሙሶርግስኪ ከፑሽኪን ተውኔት "ቦሪስ ጎዱኖቭ" የተባለውን ኦፔራ ሠርቷል። በንግሥና ሥርዓቱ ትዕይንት ኦርኬስትራው ራሱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሆናል፤ ወፍራሙ ደወል ቀድሞ፣ ቀጫጭኖቹ ተከትለው። ለመጀመሪያው ዝግጅት እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ደወል ታክሲ ውስጥም ይሰማል።