ከምልመላ በፊት መዝገብ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ የታዳጊ አሰልጣኝ ሥራ ይበዛል። ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዘነበወርቅ፣ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ልጆች ታኬታቸውን በፌስታል ይዘው ለምልመላ ይመጣሉ። ወላጆቻቸው ልጁ ኳስ ይችል እንደሆነ ቶሎ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የልደት ምስክር ወረቀቱን እጠይቃለሁ። ወደ ብሔራዊ ቡድንና ወደ ውጭ ሊግ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜ ለአሰልጣኝ የሥራ መሣሪያ ነው። ወንድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በ13 እና በ14 ዓመቱ ገደማ ድንገት ይመዘዛል። አጥንቱ ቶሎ ሲረዝም ጡንቻውና ጅማቱ ይወጠራሉ፤ ልጁም ከጉልበቴ በታች፣ ተረከዜን አመመኝ ይላል። ያን ጊዜ ዝላዩንና ሩጫውን ካልቀነስኩለት ሕመሙ ይከርምበታል። ስለዚህ የልጆቹን ቁመት በየሦስት ወሩ ለክቼ እመዘግባለሁ። ልኬቱ ከእውነተኛው ዕድሜ ጋር ሲታይ ማን ቀድሞ እንዳደገ፣ ማን ገና እንደሚቀረው ይታወቃል። ዛሬ ደቃቃ የሆነው የ13 ዓመት ልጅ ነገ ሊረዝም ይችላል፤ ዛሬ በጉልበቱ ሁሉን የሚገፋው ደግሞ እድገቱን ጨርሶ ይሆናል። ዕድሜው በውሸት ከተጻፈ ግን ማን ምን ያህል ይሥራ፣ ማን ይጠበቅ የሚለውን መወሰን አልችልም።

አንዳንድ አባት ጠጋ ብሎ፣ «ኮች፣ ሌላው ሁሉ ይቀንሳል፤ ለኛም ልጅ ሁለት ዓመት ብንቀንስለት ምን አለበት?» ይለኛል። ልጁ እንዳይቀርበት ሰግቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ካዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የታዳጊዎችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ያስመረምራል። የአንጓው አጥንት ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት በላይ ነው ተብሎ ከውድድሩ ይወጣል። እስከዚያ ድረስም ከታናናሾቹ ጋር እየተጋጠመ በጉልበት ማሸነፍን ይለምዳል። ኳስ መቆጣጠርን፣ ክፍት ቦታ ማየትን፣ ቶሎ መወሰንን የሚማርበት ዕድሜ ያልፈዋል። ቦታውን የተነጠቀው እውነተኛ ታዳጊም ቤቱ ይቀራል። በአንድ ውሸት ሁለት ልጅ እናጣለን።

መዝገቡ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ማን እንዳሰለጠነም መያዝ አለበት። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ 29 ግብ አስቆጥሮ በቀጣዩ ዓመት ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ልጆቻችን መንገዱ ክፍት መሆኑን አዩ። በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ሲዘዋወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው 0.5 በመቶ ይታሰባል። ዝውውሩ 100 ሺህ ዶላር ቢሆን በእነዚያ የመጀመሪያ 4 ዓመታት ያሰለጠነው ክለብ 1 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ለሰፈር ቡድን ይህ ኳስ፣ ማሊያ፣ የአሰልጣኝ ትራንስፖርት ነው። ክፍያው የሚሰላው ግን በተጫዋቹ የምዝገባ ታሪክ ነው። በፌዴሬሽን ያልታወቀ የሰፈር ፕሮጀክት ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቢያሳድገውም በዚያ ታሪክ ውስጥ ስሙ የለም።

ክፍለ ከተማችን በስሙ የሚጠራ፣ በከፍተኛ ሊግ የተወዳደረ ቡድን አለው። የየሰፈሩ ፕሮጀክቶች ከእንዲህ ያለ ሕጋዊ ክለብ ጋር ተያይዘው ልጆቻቸውን ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ቢያስመዘግቡ ልፋታቸው ባለቤት ያገኛል። ልጁም ወደ ሌላ ክለብ ሲያልፍ የት የት እንደሠለጠነ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰበት የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ይሄዳል።

ጊዜውም ምቹ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር። ያኔ የተወለዱት ልጆች በ2020 ዓ.ም. 12 ዓመት ይሞላቸዋል፤ የፊፋ ቆጠራ የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ልደታቸው በዚህ ምዝገባ በወቅቱ ሊመዘገብ የቻለ የመጀመሪያዎቹ ታዳጊዎቻችን እነርሱ ናቸው። ወላጆች የልጃችሁን ወረቀት ከወረዳ አውጡ፤ አንድም ዓመት አትቀንሱ። አሰልጣኞች፣ በምልመላ ዕለት ሰዓት መያዣና ፊሽካ ብቻ አንያዝ፤ መዝገብም እንያዝ። ክለቦችም የሰፈሩን አሰልጣኝ ልፋት በስሙ ጻፉለት። ይህን ሁሉ ለመጀመር አዲስ ሜዳ እስኪሠራልን መጠበቅ አያስፈልገንም።