ወተት ያደሉት ሐኪም

የ1966 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት እኛ አበባየሆሽ ስንል፣ ቺሊ በምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር ደግሞ የጦር አውሮፕላኖች ቤተ መንግሥቱን በቦምብ እየደበደቡ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩና አልሰማሁም። ታሪኩን ያወቅሁት ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው። የሳበኝም ፖለቲካው ሳይሆን ወተቱ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ሳልቫዶር አየንዴ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 የጤና ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል፤ ሕፃናት የሚሞቱት ከበሽታው ይልቅ በድህነቱ ነው ብለውም ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በሶሻሊስትነታቸው ተወዳድረው ሲያሸንፉ ከገቡት ቃል አንዱ ለእያንዳንዱ ሕፃን በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ነው። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም ተካተቱ።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ጤና ጣቢያ ሠርቶ አያውቅም። አንዲት እናት ለከሳው ልጇ የሰጠናትን የወተት ዱቄት በውኃ አቅጥና ለአራቱም ልጆቿ ታካፍል ነበር። ተቆጣኋት። ዛሬ ሳስበው ምን ታድርግ? ለሁሉም ካልተሰጠ የአንዱ አይበቃም።

አየንዴ ሥልጣን ሳይረከቡ ገና፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰውየውን እንዲያስቆም የስለላ ድርጅታቸውን ሲአይኤን አዘዙ። ትእዛዙ የቺሊን ኢኮኖሚ ማስጮህንም ይጨምር ነበር። ጦሩ በፖለቲካ አይገባም ያሉት የምድር ጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ሬኔ ሽናይደርም ከሲአይኤ ጋር ግንኙነት በነበራቸው ሴረኞች ተተኩሶባቸው ሞቱ። በአሜሪካ ኩባንያዎች እጅ የነበረው መዳብ በ1971 ሲወረስ ጠቡ ባሰ። በ1969 35 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የአሜሪካ እርዳታ በ1971 ወደ 1.5 ሚሊዮን ወረደ፤ ለጦሩ የሚሰጠው ግን አልተቋረጠም። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ሲአይኤ በሦስት ዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል በስውር አውጥቷል፤ ለተቃዋሚ ፓርቲዎችና ለአንድ ትልቅ ጋዜጣ ጭምር። በመፈንቅለ መንግሥቱ በቀጥታ ስለመሳተፉ ግን ኮሚቴው ማስረጃ አላገኘም።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው ማጀት ላይ ነው። ቺሊ እንደ ክር ረጅምና ቀጭን አገር ናት፤ በጥቅምት 1972 የጭነት መኪና ባለቤቶች ሲያድሙ እህሉ ባለበት ቀረ። እናቶች ለዳቦና ለዘይት ሲሰለፉ ይውሉ ነበር። ቀደም ሲልም ሴቶች ባዶ ድስት እየደበደቡ አደባባይ ወጥተዋል። ጥፋቱ ሁሉ የውጭ ሰው ነው ብዬ አላታልላችሁም። መንግሥት ዋጋ በትእዛዝ ሲቆርጥ ዕቃው ከሱቅ ጠፋ፤ ብር ያለ ልክ ሲያትም ኑሮው ሰማይ ነካ። እኔን ያሳዘነኝ ግን የሐኪሞቹ ማኅበር አድማውን መቀላቀሉ ነው። አየንዴ ራሳቸው በአንድ ወቅት የመሩት ማኅበር! ሥራ አናቆምም ብለው በሽተኛ ሲያዩ ከነበሩት ሐኪሞች መካከል በኋላ የታሰሩና የተገደሉ አሉ።

አየንዴ በዚያ ቀን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ጄኔራል ፒኖቼ እስከ 1990 ገዙ፤ ከ3,000 በላይ ሰው ተገደለ ወይም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ።

በአየንዴ ጊዜ የምግብ ሥርጭቱን እንዲመሩ የተሾሙት የአየር ኃይሉ ጄኔራል አልቤርቶ ባሽሌም ታስረው ተሠቃዩ፤ በ1974 እስር ቤት ውስጥ ልባቸው ቆመ። ሕክምና ትማር የነበረችው ልጃቸው ሚሼልም ከእናቷ ጋር ታሰረች፤ ከዚያ ተሰደደች። ተመልሳ የሕፃናት ሐኪም ሆነች። በ2000 አየንዴ ይዘውት የነበረውን የጤና ሚኒስትርነት ያዘች፤ በ2006 ደግሞ ያ የተደበደበው ቤተ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆና ገባች።